64 ገዛሁ፣ 63 ተወጋሁ

ከመጋቢት 2015 ጀምሮ በየሁለት ሳምንቱ ራሴን መርፌ እወጋለሁ። ሐሙስ ማታ፣ ልጆቹ ከተኙ በኋላ። መድኃኒቱ አዳሊሙማብ ይባላል። ለሩማቶይድ አርትራይተስ ነው፤ እኛ "ቁርጥማት" ብለን በአንድ ቃል ከምንጨርሳቸው ሕመሞች አንዱ። በደብተር እየመዘገብኩ እቆጥራለሁ። እስከዚህ ሳምንት 64 ገዝቼ 63 ተወግቻለሁ። አንዷ የት እንደገባች ወደ ታች እነግራችኋለሁ። ጥፋቱ የራሴ ነው።

አዳማ ፍርድ ቤት አካባቢ ትንሽ የጽሕፈት ሱቅ አለችኝ። ክስ፣ መልስ፣ የመልስ መልስ፣ የውል ረቂቅ፣ ያገኘሁትን ሁሉ እጽፋለሁ። በአማርኛም በኦሮምኛም። ደንበኞቼ ጣቶቼን ያኔም አይተዋል፣ አሁንም ያያሉ። "ያን ያህል ገንዘብ የሚወጣበት ነው ወይ?" ብለው ይጠይቁኛል። ቆሜ ስመልስ ሥራ ይቆማል። ስለዚህ ጻፍኩት።

ሕመሙ የጀመረኝ ጥቅምት 2014 ነው። ጠዋት ስነሳ እጄ እንጨት ይሆናል። ቡና አፍልቼ ሁለተኛውን እስክቀዳ አይፈታም። ቆይቶ ጡጫ ስንጨብጥ ጉብ ጉብ የሚሉት መጋጠሚያዎች ማበጥ ጀመሩ። በሁለቱም እጅ፣ እኩል በእኩል። ሲነኩ ይሞቃሉ።

ኮምፒውተር ላይ አማርኛ የሚጽፍ ሰው ብቻ የሚገባው ነገር ልንገራችሁ። "ጠ" እና "ጨ" ሺፍት ይፈልጋሉ። ሺፍቱን በትንሿ ጣት ይዞ ፊደሉን በሌላው መምታት ነው። የፍርድ ቤት ጽሑፍ ደግሞ ያለ "ጠበቃ" እና ያለ "ጭብጥ" አይሆንም። "ጭብጥ" ብቻዋን ሁለት ሺፍት አለባት። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ያቺን ቃል ስጽፍ እንባዬ ይመጣ ነበር። ደንበኛው በጉዳዩ አዝኜለት መስሎት "አይዞሽ፣ እግዜር ያውቃል" ይለኛል። ኦሮምኛው በላቲን ስለሆነ ሺፍት አያበዛም። ፊደል መደጋገሙ ግን አይጣል ነው።

ዘጠኝ ወር አባከንኩ። እናቴ "ብርድ ነው የመታሽ፣ ሌሊት ሊጥ ስታቦኪ" አለች። ቅባት ተቀባሁ። ሶደሬ ሦስት ቅዳሜ ሄድኩ። ፍል ውሃው ውስጥ እስካለሁ ድረስ ደስ ይላል፤ አልዋሽም። ወጥቼ አዳማ ሳልገባ ግን ጣቴ ወደ ነበረበት ይመለሳል። አጎቴ ደግሞ "ውሃው ነው" ብሎ ድርቅ አለ። እሱ ወንጂ ስኳር ፋብሪካ ነው ያረጀው። በእኛ በኩል የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ ይበዛበታል። ጥርሳችን ቡኒ የሆነው ለዚያ ነው። ወንጂ ላይ ለዓመታት የጠጡት ደግሞ አከርካሪያቸው የደረቀ አሉ። አጎቴ አንገቱን ሳይሆን መላ አካሉን ነው የሚያዞረው። ስለዚህ ባይፈረድበትም ልክ አልነበረም። ፍሎራይድ አጥንት ያደርቃል፤ የጣት መጋጠሚያ ጠዋት ጠዋት አሳብጦ አያሞቅም።

ከሁሉም የባሰው አንድ የግል ክሊኒክ ነው። "ሪህ ነው" አሉኝ። ሪህ የሚያመጣውን ዩሪክ አሲድ ተመረመርኩ፤ ደህና ነው። ያም ሆኖ "ሥጋ ተዪ" ተባልኩ። ዐቢይ ጾም ነበር፤ ቀድሞም ትቼዋለሁ። ዳይክሎፌናክ የሚባል የሕመም ማስታገሻ መርፌ በየሳምንቱ ይወጉኛል። ለሁለት ቀን ያቀለኛል፣ በሦስተኛው ጨጓራዬን ይልጠኛል።

ሐምሌ 2014 አዲስ አበባ ሄድኩ። የመገጣጠሚያ ሐኪም፣ ሩማቶሎጂስት የሚሉት፣ በአገራችን በጣት የሚቆጠር ነው። ዶክተሩ እጄን ይዘው 28 መጋጠሚያ አንድ በአንድ ተጫኑ። ትከሻ፣ ክርን፣ አንጓ፣ ጣቶች፣ ጉልበት። 11 አብጠዋል። ደሜ ላይ አንቲ-ሲሲፒ የሚባለው የሩማቶይድ አርትራይተስ ምልክት ከፍ ብሎ ተገኘ። ኤክስሬዩን ወደ መስኮቱ አንስተው ረጅም ጊዜ አዩት።

"አጥንቱ ገና አልተበላም። በጊዜ ነው የመጡት" አሉኝ።

ዘጠኝ ወር ፈጅቼ "በጊዜ" መባሌ ገረመኝ። በኋላ ነው የገባኝ። ይህ በሽታ አጥንት መብላት የሚጀምረው ብዙ ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ውስጥ ነው። የተበላ አጥንት ደግሞ በየትኛውም መድኃኒት አይመለስም። ሦስትና አራት ዓመት ቅባት ሲቀቡ ቆይተው የሚደርሱም አሉ።

መጀመሪያ የሰጡኝ መርፌ አይደለም፤ ሜቶትሬክሴት የሚባል ርካሽ ቢጫ ኪኒን ነው። በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ይወሰዳል። እደግመዋለሁ፣ በሳምንት። አንድ ፋርማሲ ከረጢቱ ላይ "በቀን 1 ጊዜ" ብሎ ጽፎ ሰጥቶኛል። ሥራዬ የሰው ጽሑፍ ማረም ስለሆነ ዓይኔ ያዘው እንጂ፣ በየቀኑ ብውጠው ኖሮ መቅኔዬ ደም መሥራት ያቆም ነበር። ሰው ሞቶበታል። ከወሰድኩ ማግስት ፎሊክ አሲድ እውጣለሁ። በየሦስት ወሩ የጉበትና የደም ምርመራ አለ። ለማርገዝ ያሰበች ሴት ጭራሽ አትነካውም። እኔ ሁለት ወልጄ ጨርሻለሁ ብዬ አለፍኩት።

ስድስት ወር ወሰድኩ። መጠኑ እስከ 20 ሚሊግራም ከፍ አለ። 11 የነበረው እብጠት 6 ሆነ። ዶክተሩ 6ን አልወደዱትም። ያኔ ነው ባዮሎጂክ የሚለውን ቃል የሰማሁት፤ ከሕያው ሴል የሚሠራ የፕሮቲን መድኃኒት ማለት ነው፣ አዳሊሙማብም አንዱ ነው።

እኔ በሥራዬ ቋንቋ ነው የተረዳሁት። ሰውነቴ በራሱ ላይ ክስ መሥርቷል። ቲኤንኤፍ የሚባለው ንጥረ ነገር መጥሪያ አድራሹ ነው። ከመጋጠሚያ መጋጠሚያ እየዞረ የደም ሴሎችን ይጠራል። የተጠሩት ሲሰበሰቡ ያብጣል፣ ይሞቃል፣ ቆይቶም አጥንት ይበላል። አዳሊሙማብ መጥሪያውን ከእጁ ይቀማዋል። ጥሪው አይደርስም። ክሱ ግን አልተሰረዘም፣ መዝገቡም አልተዘጋም። መርፌው ለረጅም ጊዜ የሚቀጥለው ለዚህ ነው። "ስንት ጊዜ ብትወጊ ትድኛለሽ?" ለሚሉኝ መልሴ ይኸው ነው።

ቲኤንኤፍን መያዝ የሚለውን ሐሳብ ለንደን ላይ የሞከሩት ማርክ ፌልድማንና ራቪንደር ማይኒ ናቸው። በ1992 እ.ኤ.አ. ቻሪንግ ክሮስ ሆስፒታል የመጀመሪያዎቹን ሕመምተኞች አከሙ። አዳሊሙማብ ራሱ አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው በ2002 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ነው። የመጀመሪያው ሥሪት ሁሚራ ይባላል። የእኔ የሕንድ አቻው ነው፤ ሕንድ የመጀመሪያውን አቻ በ2014 እ.ኤ.አ. ገበያ ላይ አውጥታለች። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2019 እ.ኤ.አ. መድኃኒቱን መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። ዝርዝር ውስጥ ገባ ማለት ግን አዳማ መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ ማለት አይደለም።

መርፌ የሚባል ነገር ከኪኒን ይበልጣል ብለው ለሚያስቡ አንድ ነገር ልጨምር። እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው። "እንግዲያው ኪኒኑን ልተው" ስል ዶክተሩ አንድ ጥናት ነገሩኝ። ሕመሙ ከጀመራቸው ሦስት ዓመት ያልሞላቸው 799 ሰዎች ላይ የተሠራ ነው። ሕመማቸው ቢያንስ በግማሽ የቀነሰላቸውን በአንድ ዓመት ቆጠሩ። ሁለቱንም ከወሰዱት 62 በመቶ። ሜቶትሬክሴት ብቻ ከወሰዱት 46 በመቶ። አዳሊሙማብ ብቻ ከወሰዱት 41። በድጋሚ አንብቡት። ውዱ መርፌ ብቻውን ርካሹን ኪኒን አልበለጠውም። ኪኒኑ ሌላም ሥራ አለው፤ ሰውነት መርፌውን እንደ ባዕድ ቆጥሮ እንዳያከሽፈው ይረዳል። ስለዚህ ዛሬም ኪኒኔን አልተውኩም። ጸጉሬን ትንሽ አሳስቶታል፣ በወሰድኩ ማግስትም ሆዴን ይገለብጠዋል። ችዬዋለሁ።

ከመርፌው በፊት ቲቢ መመርመር ግድ ነው። ቲኤንኤፍ የተኛ ቲቢን አጥሮ የያዘ ነገር ነውና፣ እሱ ሲያዝ ቲቢው ሊነሳ ይችላል። በአገራችን ደግሞ የተኛ ቲቢ የሌለበት ቤት የለም ማለት ይቀላል። ክንዴ ላይ የተወጋሁት የቲቢ መመርመሪያ 14 ሚሊሜትር አበጠ። ለእንደኔ ዓይነቱ የተኛ ቲቢ አለ ለማለት 5 ሲሞላ ይበቃል። የደረት ኤክስሬዬ ደህና ስለነበር ስድስት ወር አይሶናያዚድ የሚባለው የቲቢ ኪኒን ከቫይታሚን ቢ6 ጋር ታዘዘልኝ። መርፌው የተጀመረው አንድ ወር ከዋጥኩ በኋላ ነው። የጉበት ቫይረስም ተመርምሬያለሁ። ይህን ሳይመረምር መርፌውን ሊሸጥላችሁ የፈለገ ካለ ጥላችሁ ውጡ።

ዋጋውን በብር አልጽፍም። ዛሬ ብጽፈው ነገ ይቀየራል። አንዷ መርፌ ከሱቄ የወር ኪራይ ትበልጣለች ካልኩ ይበቃል። የጤና መድኔ አልሸፈነልኝም። ግማሹን ዱባይ ያለችው እህቴ ትልካለች፤ ግማሹ ከእኔና ከባለቤቴ ዕቁብ ነው። ሐምሌ 2016 ምንዛሬው ሲለቀቅ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር ከ100 አለፈ። ዕቁባችን ግን ያው ዕቁብ ነው። እዚህ ላይ ቅሬታዬን ማንም አያስጥለኝም።

አሁን ወደ በረዶው እንምጣ። መድኃኒቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ አለበት። አዳማ ደግሞ አዳማ ናት። የሚሸጠው አዲስ አበባ ስለሆነ ቃሊቲ መናኸሪያ ሚኒባስ ላይ ስወጣ ከበረዶ ሳጥኔ ጋር ነው። ረዳቱ ሁልጊዜ "አይስክሬም ነው?" ይለኛል። ነሐሴ 2015 በጣም ሞቃት መስሎኝ ሳጥኑን ጠንክሮ በቀዘቀዘ በረዶ ጠቀጠቅኩት። መርፌዋን ያለ ምንም ጨርቅ መሐሉ ቀበርኳት። በዛ ሲባል ተሻለ መስሎኝ። ቤት ደርሼ ስከፍተው ውስጧ ያለው ፈሳሽ ነጭ ሆኗል። በጥፍሬ መታ መታ ባደርገው አይንቀሳቀስም። ጠረጴዛ ላይ አቆየሁት፤ ቀለጠና ጥርት አለ። ምንም የሆነ አይመስልም። መመሪያው ወረቀት ግን "ከቀዘቀዘና በረዶ ከሆነ ቢቀልጥም አትጠቀሙ" ይላል። ፕሮቲን ነው፤ በረዶ ሲሆን ይበላሻል። እህቴ ሁለት ሳምንት የሰው ልጅ ተሸክማ ያገኘችው ገንዘብ ነው። ያን ማታ ለማንም አልተናገርኩም። መርፌዋን ከነካርቶኗ መሳቢያ ውስጥ ከተትኳት።

አሁን በረዶውን በፎጣ ጠቅልዬ፣ መርፌውን በሌላ ፎጣ ለይቼ ነው የማመጣው። የፍሪጅ ቴርሞሜትርም ገዝቻለሁ። መርፌው መሐል መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል፤ በር ላይ አይሆንም፣ ከኋላ ግድግዳው ጋርም አይጠጋም።

መብራት ሲጠፋ ሌላ ታሪክ ነው። ከቤታችን ጣሪያ ላይ ኮረብታው ላይ ያሉት የነፋስ ተርባይኖች ይታያሉ። አዳማ አንድ 34፣ አዳማ ሁለት 102። እነሱ እየዞሩ እኛ ሻማ እናበራለን። ከሦስት ሰዓት በላይ ከቆየ ልጄ ካርቶኑን ይዞ ጄኔሬተር ያለው ግሮሰሪ ይሮጣል። ባለቤትየው እትዬ ቢራዎቹን ገፋ አድርገው ቦታ ይሰጡናል። "የልጅቷ መድኃኒት ነው፣ ማንም እንዳይነካ" የሚል ወረቀት ለጥፈዋል። 41 ዓመቴ ነው፤ ልጅቷ ስላሉኝ ደስ ይለኛል።

አወጋጉ ቀላል ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጊዜ የሰፈር ክሊኒክ ሲስተር ወጋችኝ፣ በሦስተኛው እጄን ይዛ አስወጋችኝ። ከፍሪጅ አውጥቼ ግማሽ ሰዓት አቆየዋለሁ፤ ቀዝቃዛ ከገባ ያቃጥላል። ጭኔን በአልኮል ጠርጌ ቆዳውን ቆንጥጬ በ45 ዲግሪ አስገባዋለሁ። ቀስ ብዬ እገፋለሁ። ቦታውን አላሽም። ቀኝና ግራ እያፈራረቅኩ። ያቃጥላል ወይ? አዎ፣ ቃሪያ የነካው እጅ ዓይን ሲነካ የሚያቃጥለውን ያህል፣ ለአሥር ሰከንድ። ቀይ ነጥብ ሁለት ቀን ይቆያል። ባዶውን ወፍራም ጠርሙስ ውስጥ አጠራቅሜ ለክሊኒኩ እመልሳለሁ።

ውጤቱ? ከሦስተኛው መርፌ በኋላ፣ አንድ ረቡዕ። የመሬት ክርክር እየጻፍኩ ነበር፣ አራት ገጽ። ጨርሼ ሳነብ ገጽ ሁለት ላይ "ጭብጥ" ሦስት ጊዜ አለች። ስጽፋት አላስታውስም። ሺፍቱን መቼ እንደያዝኩት አላውቅም። ደንበኛዬን ሂሳብ መጠየቅ ረሳሁ፤ እሱም አላስታወሰኝም።

በስድስተኛው ወር ዶክተሩ 28ቱን ሲጫኑ ያበጠው 1 ብቻ ነበር። በሁለት ዓመት የተነሳሁት ኤክስሬይ ላይም አጥንቴ አልተበላም። ሁሌም ግን እንዲህ ቀና አልሄደም። ባለፈው ዓመት ሳል ወርዶ ደረቴ ውስጥ ገባ፤ አንቲባዮቲክ እስክጨርስ አንድ መርፌ ዘለልኩ። ትኩሳት ካለ መወጋት የለም፣ ይህ ሕግ ነው። አንዴ ደግሞ አስመጪው ጋ ስለጠፋ ስድስት ሳምንት ያለ መርፌ ቆየሁ። በአምስተኛው ሳምንት ጠዋት እጄ እንጨት ሆነ። ዋጋው ሲወደድም ከዶክተሩ ጋር ተመካክረን በየሦስት ሳምንቱ ሞከርነው። አንዳንድ ሰው ላይ ይሠራል አሉኝ። አራት ወር ቻልኩ፤ ከዚያ የግራ መሐል ጣቴ አበጠ። ወደ ሁለት ሳምንት ተመለስኩ። በራሳቸው ሐሳብ መርፌ እያራራቁ የሚቆጥቡ አውቃለሁ። ጣታቸውንም አውቃለሁ።

እና ኮከብ ስጡ ካላችሁ፣ ለመድኃኒቱ አምስት፣ ለአመጣጡ አንድ ተኩል። ግማሿ ለግሮሰሪዋ ነች።

ባለፈው ወር አንዲት አስተማሪ ከሞጆ መጣች። ዘመዷ እኔ ጋ ክስ ሲያጽፍ ስለ እጄ ሰምቷል። ሕመሙ ስድስት ወሯ ነው። ዶክተሩ ይህንኑ መርፌ አዘውላታል፣ የቲቢ ኪኒኗን ጀምራለች። ያስፈራት መድኃኒቱ አይደለም፣ ራሷን መውጋቱ ነው። እጇ ይንቀጠቀጣል። መሳቢያዬን ከፍቼ የነሐሴዋን አወጣሁ። ከጎረቤት ሱቅ አንድ ብርቱካን አስመጣሁ። ልጣጩ ከቆዳ ጋር ይመሳሰላል ስትል ሲስተር ነግራኛለች። "ቆንጥጪው" ብላት ብርቱካን አይቆነጠጥም ብላ ሳቀች። 45 ዲግሪውን በማስመሪያ አሳየኋት። አስገባች። እስከ መጨረሻው ገፋች። "አለቀ?" አለችኝ። አለቀ።

ብርቱካኑን ለማንም አልሰጠንም።